እናቴ ያላየችው ዝላይ

አባቴ ዋና እንደሚችል ያወቅሁት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ያውም ስቶክሆልም ውስጥ፣ ከልጄ ትምህርት ቤት በመጣ አንድ ወረቀት ምክንያት።

ወረቀቱ በትሕትና የተጻፈ ነበር። ከክፍሏ ልጆች እስካሁን ዋና ያልቻለችው ልጃችሁ ብቻ ስለሆነች፣ ቅዳሜና እሁድ እየወሰዳችሁ ብታለማምዷት ይላል። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዋና ክፍለ ጊዜ ጓደኞቿ ገንዳውን ሲያቋርጡ እሷ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማ እንደምትመለስ አስተማሪዋ ነግራኝ ነበር። እኔና ባለቤቴ ወረቀቱን እየተቀባበልን አነበብነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፣ እሱ ኮምቦልቻ። ሁለታችንም ከባልዲ የበለጠ ውሃ ውስጥ እጃችንን አስገብተን አናውቅም።

«እኔ እወስዳታለሁ» አለ አባቴ።

እናትና አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ቴንስታ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። አባቴ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የውሃ ቧንቧ ሲዘረጋና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ስዊድን ከመጣ በኋላ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ማለት አልሆነለትም። የጎረቤቱን ሁሉ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እየዞረ ያጠብቃል፤ የሶማሌዋም የቱርኩም ቤት ያውቀዋል። ስለዚህ ዋና ከየት አመጣህ ስለው «ውሃ አውቃለሁ» ብሎ ሲመልስልኝ የቧንቧውን ማለቱ መሰለኝና ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ከምትሰፋው ልብስ ላይ ቀና ብላ ረዘም አድርጋ አየችው፣ ከዚያ መርፌዋን ቀጠለች።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አያትና የልጅ ልጅ ፎጣቸውን ይዘው በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ጥቂት ጣቢያ ርቆ ወዳለው ትልቅ ሲምሃል፣ የቤት ውስጥ መዋኛ፣ መሄድ ጀመሩ። ምን እንደሚሠሩ ማንም አላየም። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ የሻይ ማንኪያዎቿ እንደጎደሉባት ተናገረች። በሦስተኛው ሳምንት ማንኪያዎቹን ከአባቴ እርጥብ ፎጣ ውስጥ አገኘኋቸው። ለካ ገንዳው ውስጥ እየጣለ ልጅቷን ያስለቅማት ነበር። መዋኘት ሳያስተምራት በፊት ታች ወርዶ ዓይን መክፈትን አስተማራት። ታች ያለውን ያየ ሰው ላዩን አይፈራም የሚል ነበር የእሱ ሐሳብ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። እሱ ደግሞ ስዊድንኛ የሚያውቀው ሰላምታና የቧንቧ ዕቃ ስም ነው። እንዴት እንደሚግባቡ እንጃ፣ ብቻ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ያቺ የገንዳ ጠርዝ የማትለቅ ልጅ ገንዳውን ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች።

ይህን በዓይኔ ለማየት አንድ ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ሄድኩ። ሱንድቢበሪ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነበር የምሠራው፤ ቅዳሜ ማረፍ ብርቅ ነው። ልብሴን እንደለበስኩ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ከገንዳው ዳር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ልጄ ዋናዋን አሳየችኝ፤ አጨበጨብኩላት። አባቴ ግን እኛን አያይም። ከወዲያኛው ጥልቅ ገንዳ አጠገብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ፣ አንገቱን አቅንቶ የመዝለያውን ማማ ያያል። ሁለት ጎረምሶች እየተፈራረቁ ከላይ ይወረወራሉ። እያንዳንዳቸው በዘለሉ ቁጥር የአባቴ ትከሻ እንደ ዘላዩ ይሰበሰባል፣ ውሃው ሲረጭ ደግሞ ፊቱን ያጨማድዳል።

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«እግሩ ተከፈተ» አለኝ ሳያየኝ። «አንገቱንም ቶሎ ሰበረው። አሁን ውሃው ደረቱን በጥፊ ይለዋል።»

ልክ እንዳለው ጎረምሳው በደረቱ ወደቀ። ሲወጣ ቆዳው ቀልቶ ነበር።

«ይሄን ደግሞ በምን አወቅህ?» አልኩት።

አባቴ ልጅቷን ጠርቶ ፎጣ አለበሳት። ልብስ ቀይረን፣ ጣቢያው ድረስ ሄደን፣ ባቡሩ ውስጥ ቁጭ ካልን በኋላ ነው፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎ የጀመረው። ልጄ በመካከላችን ተቀምጣ ፀጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል። ከባቡሩ ስንወርድ ወሬው ስላላለቀ ጣቢያው ውስጥ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሦስት ባቡር አሳለፍን።

አባቴ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከወሎ ወጥቶ፣ በአሰብ አድርጎ፣ ሥራ ፍለጋ ምጽዋ ገባ። ወደብ ላይ ያገኘው ሥራ ከመርከብ ሆድ ላይ የተጣበቀውን ዛጎል መፋቅ ነበር። ዋናን የተማረው ከዚያው ካሉ የባሕር ልጆች ነው። አንድ ቀን የክሬን መንጠቆ ተበጥሶ ባሕር ገባ፤ ጥልቅ ስለነበር ከጀልባ ላይ እየጠለቁ የሞከሩት ሁሉ ታች ሳይደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። አባቴ ክሬኑ አናት ላይ ወጣ። ከዚያ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ተወረወረ። ፍጥነቱ ራሱ እስከ ታች ወሰደው፣ ገመዱን መንጠቆው ላይ አስሮ ወጣ። ወደቡ በሙሉ ሥራ አቁሞ ያየው ነበር አለኝ።

ወሬው ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕሩ ዳር ሆቴል ወዳለው አንድ ጣሊያን ጆሮ ደረሰ። ያ ሰው እሁድ እሁድ ከአስመራ ለመዋኘት የሚወርዱ እንግዶቹን የሚያዝናናለት ይፈልግ ነበርና፣ ባሕሩ ውስጥ በገባ ድልድይ ጫፍ ላይ ከእንጨት ረጅም ማማ አሠራ። አባቴ በየእሁዱ ከዚያ ላይ ይዘል ጀመር። መጀመሪያ እንዲሁ፣ ቀጥሎ እየተገለባበጠ፣ በኋላ ደግሞ የዱቄት ጆንያ ራሱ ላይ አጥልቆ፣ ምንም ሳያይ። ማማው ለሰው ዓይን ሲለመድ ከቆሙ መርከቦች ምሰሶ ላይ ወጣ። ሕዝቡ በወፍ ስም ይጠራው ነበር። ፎቶግራፉ በአንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት መስኮት ላይ ተሰቅሎ እንደነበር ሲነግረኝ አፈረና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አትፈራም ነበር?» አልኩት።

«ላይ ሆኜ እፈራለሁ» አለኝ። «እግሬ ከእንጨቱ ሲለቅ ግን ፍርሃቱ እዚያው እላዩ ላይ ይቀራል። አብሮኝ አይወርድም።»

እናቴ በዚያ ከተማ የሚነግድ የወሎ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበረች። አባቴ ገበያ ውስጥ አይቷት ሽማግሌ ላከ። አባቷ፣ ልጁ መልካም ነው፣ ሶላቱንም አይተውም፣ ነገር ግን በአንዱ እሁድ ሬሳውን ለሚያመጡልኝ ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ። በሁለተኛው ጊዜ እናቴ ራሷ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና መልእክት ላከች። አንድ ነገር በአላህ ይማልልኝ፣ እኔ በአፌ ውጣ እስካልኩት ቀን ድረስ ከላይ ወደ ውሃ እንዳይዘል፣ አለች። አባቴ ማለ። ይህ የሆነው አርብ ነው።

እሁድ ጠዋት ጣሊያኑ እያለቀሰ መጣ። ሰው ከአስመራ ጢም ብሎ ወርዷል፣ አትዘልም ካልክ አትዝለል፣ ብቻ ላይ ወጥተህ እጅ ንሣልኝ አለው። አባቴ መውጣቱ መሐላውን አያፈርስም ብሎ ወጣ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ከአሥር ወደ አንድ መቁጠር ጀመረ። አንድ ሲሉ ዞረና መሰላሉን እርከን በእርከን ወረደ። «ፉጨቱን ምን ልንገርሽ» አለኝ። «የብርቱካን ልጣጭ ጀርባዬ ላይ ይለጠፋል። በሕይወቴ ብዙ ከፍታ ወጥቻለሁ፣ እንደዚያ መውረድ ግን የከበደኝ የለም።»

በወሩ ኒካህ ታሰረ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ እዚያ ተወለድኩ። አባቴ ባሕርን ከቤታችን ወሬ ውስጥ ጨርሶ አወጣው።

ለእናትሽ እንዳትነግሪ ያለው፣ ያረጀ ነገር ቀስቅሼ አላስከፋት ብሎ ነው። እኔ አልነገርኩም። ልጄን ግን ማን አስጠነቀቃት? አማርኛውን አንድም ሳይቀራት ሰምታ ነበርና፣ እራት ላይ እጇን እያወናጨፈች በስዊድንኛ ታወራው ጀመር። እናቴ ምንድን ነው የምትለው ብላ ጠየቀች። ምንም የማያውቀው ባለቤቴ በየዋህነት ተረጎመላት።

«አያቴ ድሮ ከመርከብ ላይ እንደ ወፍ ይበር ነበር ትላለች» አለ። ከዚያ ያለውን ራሱ ሰማና ሹካውን አስቀምጦ ወደ አባቴ ዞረ። «አባባ፣ እውነት እርስዎ ከመርከብ ላይ ዘለው ያውቃሉ?»

አባቴ ሳህኑን ያያል። እናቴ አባቴን በደህናው ቀን አንተ ነው የምትለው፤ ሲያናድዳት ግን እርስዎ ትለዋለች። እኛ ልጆቹ የቤቱን አየር የምናውቀው በዚህ ነበር።

«ለሕፃን የሚያወሩት ይህንን ነው?» አለችው።

እርስዎው ሦስት ሳምንት ቆየ። ሻይ ይጠጣሉ? መስኮቱን ይዘጉልኛል? አባቴ ሁሉንም በእሺታ ይመልሳል። ባለቤቴ በበኩሉ ጀግናውን ስላገኘ ነገሩ ተባብሶበታል፤ ከሥራ እንደገባ ኮቱን ሳያወልቅ፣ አባባ እስቲ ስለ ጆንያው ይንገሩኝ ይላል። አባቴ በዓይኑ ወደ ማድቤት ይጠቁመዋል፤ እሱ አይገባውም።

አንድ ሐሙስ የጋራው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራችን ደረሰና እናቴና እኔ አንሶላ ልናጥፍ ምድር ቤት ወረድን። ማሽኖቹ እየተሽከረከሩ ስለነበር ክፍሉ ይሞቃል። አንሶላውን ወዲያና ወዲህ ይዘን እየሳብን ሳለ፣ እስካሁን ትፈሪለታለሽ እንዴ ብዬ ጠየቅኋት። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔ እኮ አላየሁትም» አለች።

«ምኑን?»

«ሲዘል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመታጨቷ በፊት አምስት እሁድ ከአክስቷ ጋር ባሕሩ ዳር ሄዳ ሕዝቡ መሐል ቆማለች። አምስቱንም ጊዜ እሱ ማማው ላይ እጁን ከፍ ሲያደርግ እሷ በሻርፗ ዓይኗን ትሸፍናለች። የምትሰማው ሕዝቡ ትንፋሹን ሲይዝ፣ ከዚያ አንዲት አጭር የውሃ ድምፅ፣ ከዚያ ጩኸቱን ነው። ሻርፑን ስትገልጥ እሱ እየዋኘ ይመጣል። ከተጋቡ በኋላ አንድ ቀን መርካቶ ውስጥ አንድ የአስመራ ሰው አባቴን አውቆት፣ እሷ ፊት፣ መንገድ መሐል አቅፎ ሳመው። ሴትዮ፣ እንደ ባልሽ ዝላይ ያለ ያማረ ነገር በዓይኔ አላየሁም አላት።

«ሰው ሁሉ ያየውን ባሌን እኔ ብቻ ሳላየው አረጀሁ» አለችኝ። «የምቆጣው በእሱ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን ውጣ አትይውም?»

«ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ነገር ቢሆንስ?» አለች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። «አንሶላውን ከፍ አድርጊ፣ መሬት ነካ።»

አንሶላውን አጥፈን ወጣን። ይሁን እንጂ በማግሥቱ እርስዎው ቀረ። አባቴ ሻይ ትጠጣለህ ስትለው ኩባያውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ክረምቱ አለፈና በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እናቴ ቶሎ የሚደርቅ ሰማያዊ ጨርቅ ግዢልኝ አለችኝ። ገዛሁላት። ሁለት ቀን የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ከጉልበት የሚያልፍ፣ ወገቡ ላይ ማሰሪያ ያለው፣ ስፌቱ ድርብ የሆነ ቁምጣ ሰፋች። ለማን ነው ስላት ለባሌ ነው አለች። አባቴ ቁምጣውን አየው፣ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርጎ ሞከረው፣ አጥፎ አስቀመጠው። ያን ሌሊት ግን ከክፍላቸው ውስጥ ቀስ ብለው ሲያወሩና ሲሳሳቁ ይሰማኝ ነበር።

ሰመር፣ የስዊድን በጋ፣ ገባ። በአንድ ፀሐያማ እሁድ ሁላችንም በአውቶቡስ ሜላረን ሐይቅ ዳር ወደሚገኝ የሕዝብ መዋኛ ሄድን። እናቴ ሳምቡሳ ጠብሳ፣ ሻይ በፔርሙዝ ሞልታ፣ ምንጣፍ አስይዛናለች። ሐይቁ ዳር ሣሩ በሰው ተሞልቷል። ውሃው ውስጥ በገባ የእንጨት ድልድይ ጫፍ ላይ፣ ስዊድኖች ሆፕቶርን የሚሉት ባለ ሦስት ደርብ የመዝለያ ማማ ቆሟል። ማናችንም ስለ ማማው አላነሳንም። በላን፣ ጠጣን፣ ዙሁር ከዛፎቹ ሥር ሰገድን። አባቴ አዲሱን ቁምጣ ለብሶ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ያሻል።

እናቴ የሳምቡሳውን ዕቃ ክዳን ገጠመች። እጇን በናፕኪን ጠረገች።

«በል ውጣ» አለችው።

አባቴ ቀና አለ። ያለችው እሷ መሆኗን እንዲያረጋግጥ ይመስላል ደግማ፣ «ውጣ እያልኩህ ነው» አለች።

ልጄ በስዊድንኛ የሆነ ነገር ብላ ዘለለች። ባለቤቴ ካሜራውን ፍለጋ ቦርሳውን ገለበጠው። እኔ የአባቴን ጉልበት አየሁ። ይሄን ያህል ዓመት ያልነካው ነገር ነው። አባቴ ግን አልተጣደፈም። መጀመሪያ ድልድዩ ላይ ተንበርክኮ በመዳፉ ውሃ ጨለፈና ቀመሰ። ይህ ውሃ ጨው የለውም፣ ሰው አይሸከምም፣ ከባሕሩ ይልቅ ወደ ታች ይወስዳል አለኝ። ቀጥሎ በመሰላሉ ወርዶ ገባና ጠፋ። ማማው ሥር ያለውን መሬት በእጁ እየዳሰሰ አራት ጊዜ ጠለቀ። ድንጋይ የለም፣ ጭቃ ነው፣ ጥልቀቱ ይበቃል አለ። እዚያ ያለውን የዋና ጠባቂ፣ ከእሱ ጋር ስትውል ጥቂት አማርኛ መመለስ በጀመረችው ልጄ አስተርጓሚነት አነጋገረው። ጠባቂው ወጣት ነው፤ ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች አየውና አቅምህን የምታውቀው አንተ ነህ አለው፣ ሌሎቹን ልጆች ደግሞ ከማማው ሥር ገለል አደረገልን።

አባቴ ወጣ። አንደኛውን ደርብ አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። እዚያ ቆሞ ውሃውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ጎኑን በእጁ ያዘ። ከዚያ ዞረና አንድ ደርብ ወረደ።

ልጄ ፈራ እንዴ አለችኝ። እናቴ ናት የመለሰችላት። «ልኩን እያወቀ ነው» አለች። ቆማ ነበር። ቆማም ወደ ውሃው ዳር ሄዳለች።

አባቴ ከመካከለኛው ደርብ ጫፍ ላይ የእግር ጣቶቹን አወጣ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየኝ፤ ቢስሚላህ ማለቱ ነው። እጆቹን ከፈተ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ሊያቅፍ እንደሚዘረጋ ሰው። ከዚያ እንጨቱ ላይ አልነበረም። ከወገቡ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ እጆቹ ተገጣጠሙ፣ እግሮቹም እንደ አንድ እግር ሆነው ተከተሉት። ውሃው አንዲት አጭር ድምፅ ሰጠና ተዘጋ። ይህ ሁሉ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። እኔ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋውን አባቴን እያየሁ መሆኔን ረሳሁ። አንድ ወጣት ሰው አየሁ፤ አባቴ ከመሆኑ በፊት የነበረውን ሰው።

ሣሩ ላይ የነበረ ሰው ተነሥቶ ቆመ። አባቴ አልወጣም። ባለቤቴ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ ዋና አይችልም፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ እንጃ። እናቴ ከነጫማዋ ውሃ ውስጥ ገብታ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቆማለች። ድንገት ከእሷ ጥቂት ክንድ ራቅ ብሎ የአባቴ ራስ ብቅ አለ። ድሮም ሕዝቡን እንዲህ ያስጨንቅ እንደነበር ኋላ ነገረን። ሰው አጨበጨበ።

«እንዴት ነበር?» አላት።

እናቴ ሻርፗን አስተካከለች። ፊቷ ቀልቷል።

«አላየሁትም» አለች በመጨረሻ። «እጄ ሳላዝዘው ዓይኔ ላይ ወጣ።»

አባቴ ውሃው ውስጥ እንደቆመ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሲበዛ ውሃ ገባበትና ሳለ። እሷም ሳቀች። ያገር ሰው እያየን አምስታችንም ሳቅን፤ ልጄማ ሣሩ ላይ ተንከባለለች።

«ድገመው» አለችው እናቴ።

«ወገቤ ምን ይላል?»

«እኔ አሽልሃለሁ። ድገመው።»

ሁለተኛውን ጊዜ ሲወጣ ልጄና እኔ እናቴን በመካከላችን አቆምናት። እኔ ቀኝ እጇን፣ ልጄ ግራ እጇን ግጥም አድርገን ያዝን። አባቴ እጆቹን ከፈተ። የእናቴ እጅ በእጄ ውስጥ ወደ ላይ ሊያመልጥ ሲታገል ተሰማኝ፤ አልለቀቅኋትም። እሱ በአየር ላይ ሲሆን እጇ ላላ። ፊቷን አየሁት። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፣ አፏም ጭምር።

ውሃው ተዘጋ። ወጣ። እናቴ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «እውነታቸውን ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰዓት መግለጽ ይከብደኛል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ስዊድናዊት ከምንጣፋቸው ተነሥተው መጥተው አባቴን ጨበጡት፤ አንድ ሳህን እንጆሪ ይዘውልን መጡ። በወጣትነታቸው እሳቸውም እንዲህ ያለ ማማ ላይ ይዘሉ እንደነበር፣ እናታቸው ግን ታስቆማቸው እንደነበር ለልጄ ነገሯት፤ ልጄም ለአያቷ ተረጎመችላት። እናቴ በሳምቡሳ መለሰችላቸው፤ በቋንቋ ሳይግባቡ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ቆዩ። ጎረምሶቹ አባቴን ከበው አንገታቸውን እንዴት እንደሚይዙ ይጠይቁታል። እሱም የአንዱን አገጭ በጣቱ ወደ ታች ገፋ፣ የሌላውን ጉልበት በሁለት እጁ አስጠጋ። አንዱ እንዳሳየው ዘሎ ሳይረጭ ሲገባ አባቴ ከጎረምሳው በላይ ደስ አለው። ሦስተኛ ጊዜ ሊዘል ፈልጎ እናቴ ከለከለችው።

ከዚያ ወዲያ አራት ሰመር እየሄድን ዘለለ፤ በየዓመቱ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁልጊዜም ከመካከለኛው ደርብ። ልጄ ግን የመጀመሪያውን ሰመር ሳታሳልፍ ከታችኛው ደርብ ራሷን አስቀድማ መግባት ጀምራ ነበር።

ያን የመጀመሪያውን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ አውቶቡሱ ውስጥ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። ራሱ እናቴ ትከሻ ላይ ነው፤ ፀጉሩ ያልደረቀ ስለሆነ ልብሷን አርሶታል። እሷ ላለመቀስቀስ ትንፋሿን ሳይቀር ትቆጥባለች። ባለቤቴ ያኔ አውቶቡስ ይነዳ ስለነበር ነጂው የሥራ ባልደረባው ሆኖ ተገኘ። ወደ ፊት ሄዶ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከለት፤ ከዚያ በኋላ መኪናው በየማቆሚያው ቀስ እያለ ይቆም ጀመር። የእኛ ማቆሚያ መጣ። በሩ ተከፈተ። ነጂው በመስተዋቱ አየን። እናቴ በዓይኗ ተወው አለችው። በሩ ተዘጋና፣ የተረፈውን እንጆሪ እየተቀባበልን እስከ መስመሩ መጨረሻ ሄድን።